ችካሉ ከመተከሉ በፊት

የከተማና የገጠር ፕላን ተማሪ ነሽ፤ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል፦ በትልቅ ከተማ ለቤት አልሚ ድርጅት ንድፍ መሥራት፣ ወይም ራቅ ባለ የገጠር አስተዳደር የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ባለሙያ መሆን። “ገጠር ገብቼ እውቀቴ ቢዝግስ?” ብለሽ ጠየቅሽ።

አይዝግም። የሙያው ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚያው ነው። ለግንባታ የሚፈለገው ሜዳ የሆነ፣ ውኃ የማይተኛበት፣ ለመንገድ የቀረበ መሬት ነው። ለእርሻ የሚፈለገውም ያው ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ በዘፈቀደ ስትሰፋ ቀድማ የምትውጠው ምርጡን ማሳ ነው፤ ድንጋያማው ተዳፋት ሳይነካ ይቀራል። ጉዳቱ ቤቱ ባረፈበት ቦታም አያበቃም። በየማሳው መሀል ቤት ሲሰገሰግ የመስኖው ቦይ ይቆረጣል። ገበሬውም መሬቱ ነገ ከእጁ እንደሚወጣ ሲያስብ እርከን መጠገኑን፣ ዛፍ መትከሉን ይተዋል።

እኔ የጀመርኩት በአፈር ጥናት ነው። በእጅ መሰርሰሪያ እየቆፈርኩ፣ እርጥቡን አፈር በጣቶቼ እያሸሁ አሸዋውንና ሸክላውን እመዘግብ ነበር። አንድ ጊዜ ካርታችን የደረሰው የቤቶቹ ችካል ከተተከለ በኋላ ነበር። ከመሠረቱ ጉድጓድ የወጣው ጠቆር ያለ አፈር እስከ ጉልበቴ ተከምሮ አገኘሁት፤ በካርታዬ ላይ አንደኛ ደረጃ ብዬ ያቀለምኩት አፈር ነው። ገልባጭ መኪና እንደ ጥራጊ ጭኖት ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቺ። በ20 ዓመት ውስጥ 10,000 ሰው የሚጨመርባትን ከተማ አስቢ። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢኖር 2,000 ቤት ያስፈልጋል። መንገዱንና ትምህርት ቤቱን ሳንቆጥር፣ በሄክታር 10 ቤት ካቀድሽ 200 ሄክታር ይሄዳል፤ 25 ካቀድሽ 80 ይበቃል። የ120 ሄክታር ማሳ ዕጣ የሚቆረጠው አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህ ዕድገትን ማገድ አይደለም። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ መነሻ ከተሞቿ የዕድገት ወሰን፣ ማለትም ከተማዋ አልፋው የማትሰፋውን መስመር፣ ያሰምራሉ፤ ወሰኑ ለ20 ዓመት የመኖሪያ ቤት ፍላጎት የሚበቃ መሬት መያዝ አለበት። በዚያው ዓመት የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የእርሻ መሬቷን በሕግ ከለለች፤ የተከለለው መሬት ከጠቅላላ ስፋቷ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሁለቱም ቦታ ወሰኑ ወደ እርሻው እንዲገባ የሚገፋ አይጠፋም። ወሰኑን ለማስከበር አፈሩን፣ ውኃውንና የሕዝቡን ቁጥር አንድ ላይ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

አባትሽ “ከእርሻ ያወጣሁሽ ወደ እርሻ ልመልስሽ አይደለም” እንዳሉሽ ጽፈሻል። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። የሚያውቁት የማረሱን ድካም ነው፤ አንቺ የምትሄጂው የሚታረሰው መሬት እንዳይጠፋ ነው። ደመወዙ ያንሳል፣ እውነት ነው። የታናናሾችሽን ወጪ በሙሉ መሸከም ግን የአንቺ ግዴታ አይደለም። በወር የምትልኪውን ቁርጡን ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሒሳብ ያስፈራኛል ላልሽው፣ ከላይ ያየሽው ማባዛትና ማካፈል ነው። የካርታ ሶፍትዌሩን በቀረሽ ሴሚስተር ተማሪ።

ከመፈረምሽ በፊት አስተዳደሩን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የአፈር ካርታ አላችሁ? የመንገድ መስመር ሲመረጥ የዕቅድ ባለሙያው ስብሰባው ላይ ይቀመጣል? ካርታው ከሌለ አንቺ ታሠሪዋለሽ። የሁለተኛው መልስ “አይቀመጥም” ከሆነ ግን እንደምትቀመጪ በውልሽ ላይ ሳይጻፍ አትፈርሚ።