ማስረጃህ «ጨጓራ» ይላል

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የመኪና ባትሪ አቅልጦ እርሳስ የሚያወጣ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እጄ ይዝላል። አሠሪዬ «ወተት እየሰጠንህ እንዴት ትታመማለህ?» አለኝ። የሕክምና ማስረጃዬ «ጨጓራ» ይላል። ልክሰስ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። ክሱ ትንሽ ይቆይ፤ መጀመሪያ ያልጻፍከውን ልጠይቅህ። ለሐኪሙ ሥራህን ነግረኸዋል? አልነገርከውም ብዬ እጠረጥራለሁ። ብትነግረው የእርሳስ የደም ምርመራ ያዝልህ ነበር።

ስንቱ ደንበኛዬ በዚህ ተሸነፈ! «ሆዴን» ብሎ ይገባል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ያንኑ ወረቀት የአሠሪው ጠበቃ ያነሳዋል። የእርሳስ መመረዝም ሆድ ይቆርጣል፣ ያደርቃል። ሐኪሙ ካልነገርከው ከየት ያምጣው?

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ሂድ። ምን እንደምታቀልጥ፣ በቀን ስንት ሰዓት ጭሱ ውስጥ እንደምትቆይ፣ ምን ማስክ እንደምታደርግ ተናገር። ካርድህ ላይ እንዲሰፍርም ጠይቅ። ምርመራው እዚያ ከሌለ ሪፈር አጽፍ። ከጭሱ ስትርቅ ደምህ ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብዙው አጥንት ውስጥ ይከማቻል። ዘግይተህ ብትለካ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ቁጥሩ እንዳይወርድብኝ ብለህ ግን ወደ ምድጃው እንዳትመለስ! ሕክምናውን ለሐኪም ተው። የሥራ ልብስህን ቤት የምትወስድ ከሆነ ልጆችህንም አስመርምር።

ወተቱ እርሳስ አያወጣም። አሠሪህ ማደሉ ግን አደጋውን እንደሚያውቅ ይጠቁማል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚታደል ጻፍ፣ ምስክርም ያዝ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ይጠየቃል። ሕክምናህን ይሸፍናል። ለጊዜያዊ ጉዳት የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር 75 በመቶ፣ የቀረውን 6 ወር 50 በመቶ ይከፍላል። ዘላቂ ጉዳት ካለ መጠኑን የሐኪሞች ቦርድ ይወስናል። «የደህንነት መመሪያ ጥሷል» የሚል መከላከያ ሊያነሳብህ ስለሚችል ማስክ ተረክበህ ፈርመህ ከሆነ ለጠበቃህ አትደብቅ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ በመርህ ደረጃ አንድ ዓመት ነው፤ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ግን ያከራክራል፣ ስለዚህ አትዘግይ።

«በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልህ ሳታማክር አትፈርም። ካርድህን፣ የደመወዝ ማስረጃህንና የሥራ መታወቂያህን ኮፒ አድርገህ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚያውቅ ጠበቃ አሳይ። ዋናውን ለማንም አትስጥ።