ስለ ካስፓሮቭና ቶፓሎቭ ጨዋታ የጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ አንድ የቼዝ ጨዋታ ናቸው። የሩሲያው ጋሪ ካስፓሮቭ በነጭ፣ የቡልጋሪያው ቬሴሊን ቶፓሎቭ በጥቁር፣ ጥር 1999 እ.ኤ.አ.፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ በዋይክ አን ዜ ውድድር።

ጥ፦ ቶፓሎቭ የተጠቀመው መክፈቻ ምንድን ነው?

መ፦ ፒርትስ መከላከያ። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ ሲያወጣ ጥቁር ወታደሩን ዲ6 ላይ ያወጣል (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ከዚያ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ፣ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) ጂ7 ላይ ያወጣል። መሃሉን መጀመሪያ ለነጭ ይለቅና ቆይቶ ያጠቃዋል።

ጥ፦ ታዲያ ያሸነፈው መክፈቻው ነው?

መ፦ አይደለም። ካስፓሮቭ በ8ኛው እርምጃ ቢሾፑን ኤች6 ላይ አምጥቶ የጂ7ቱን ቢሾፕ አስለወጠው። ንግሥቱም እዚያው ኤች6 ላይ ተቀመጠች። ቶፓሎቭ ንጉሡን ወደዚያ ጎን መውሰድ ስላሰጋው በንግሥት በኩል ካስል አደረገ፤ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን (ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ጠጠር) በአንድ እርምጃ አንቀሳቅሶ ንጉሡን አስጠለለ። ያም ሆኖ ጨዋታው ገና እኩል ነበር።

ጥ፦ 24ኛው እርምጃ ላይ ምን ተፈጠረ?

መ፦ ካስፓሮቭ በሩኩ የዲ4ን ወታደር በላ። ቶፓሎቭ ሩኩን በወታደር በላው። ወዲያው ሁለተኛው ሩክ ኢ7 ላይ ገብቶ ቼክ አለ፣ ንጉሡን አጠቃ ማለት ነው! ይሄንንም በንግሥቱ ቢበላው፣ የነጭ ንግሥት ዲ4 ላይ ቼክ ትልና በጥቂት እርምጃ ማት ነው፣ ንጉሡ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ንጉሡ ሸሸ። ኤ7 ላይ የነበረው ንጉሥ ቦርዱን አቋርጦ ዲ1 ደረሰ፤ የነጭ የመጀመሪያ ረድፍ ማለት ነው። ቶፓሎቭ በ44ኛው እጁን ሰጠ።

ጥ፦ ቶፓሎቭ ዲ4 ላይ የመጣውን የመጀመሪያውን ሩክ ባይበላውስ?

መ፦ ንጉሡን ቢ6 ላይ ቢያደርግ ይተርፍ ነበር። አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ጥቃቱ ስህተት ነው» ብላችኋል። እኔ አልስማማም። በውድድር ላይ ሰዓት እየሮጠ፣ ተጋጣሚን እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ መጣል ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው። ደግሞ ሩኩ ከተበላ በኋላ ያለውን ረጅም መስመር ቦርድ ላይ ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም።

ጥ፦ ጀማሪ ነኝ፣ ፒርትስን ልማር?

መ፦ ቆይ። መጀመሪያ ኢ4ን በኢ5 መመለስ ልመድ። መሃሉን መያዝ ሳታውቅ መልቀቁ ይጎዳሃል።

ጥ፦ አንተ የምትወደው እርምጃ የቱ ነው?

መ፦ 36ኛው፣ ቢሾፕ ኤፍ1። ቼክ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው። ግን ሲ4 ላይ ያለችውን የጥቁር ንግሥት ያጠቃል። ቢሾፑን ብትበላው ንግሥት ሲ2 ቼክ፣ ቀጥሎ ሩክ ኢ7 ቼክ፤ ንጉሡ አያመልጥም። ቦታውን ቦርድ ላይ አስቀምጡትና መልሱን ሳታዩ ራሳችሁ ፈልጉት።