ማሲው ስፖንጅ አይደለም የቸገረው

«የአባቴ ማሲ 385 ትራክተር ወንበር ወገቤን ጨረሰው። ስፖንጅ ላስጨምርበት ወይስ ሙሉ ወንበር፣ ምናልባትም የአየር ወንበር፣ ልግዛ?» ብለህ የወንበሩን ፎቶ ለጥፈህ ለጠየቅከው ወንድሜ፤ ከሁለቱም በፊት ቁልፍና ሜትር ያዝና ወንበሩ ስር ግባ።

እኔም በስፖንጅ ነው የጀመርኩት። አርሲ ውስጥ ስንዴ መሬት ላይ ስምንት ዓመት ማሲ ነድቻለሁ። ዝናብ ሳይጥል ደረቅ መረሬ (ጥቁር ጭቃ አፈር) በዲስክ ማረሻ ስትገለብጥ ጓሉ ድንጋይ ማለት ነው። መጀመሪያ ትራስ አነጠፍኩ። ቀጥሎ የፍራሽ ስፖንጅ አስሰፋሁ። ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ ዝላዩ ያው ነው። እንዲያውም ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ እግሬ ማጠር ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሲው ኋላ ሞላ የለውም፣ ጎማው ነው ሞላው። በዚያ ጎማ ላይ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይነጥራል። የሰው አከርካሪ ደግሞ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመጣ ንዝረት ሲያገኘው አብሮ ይርገበገባል። ጤነኛ ወንበር ከሁለቱም በታች፣ በሰከንድ 1 ወይም 2 ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚወዛወዘው። ስፖንጅ ይህን አይችልም። ቂጥህን ከብረቱ ያድናል፣ በቃ።

አሁን ወንበሩን በሁለት እጅህ ወደ ታች ተጫንና በድንገት ልቀቀው። አንዴ ተመልሶ ከቆመ ሾኩ (የሞላውን ጭፈራ የሚያስቆመው ዘይት ያለበት ቱቦ) ደህና ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከጨፈረ ሾኩ ሞቷል። ፎቶህ ላይ የሾኩ አካል ዘይት ጠጥቶ አቧራ ለብሷል፤ ስለዚህ እኔ በሾኩ እጠረጥራለሁ። ለማረጋገጥ ፈተህ በእጅህ ሳበው፣ ግፋው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊታገልህ ይገባል። መሐል ላይ ባዶ ሆኖ ከሄደ ጣለው። ከመፍታትህ በፊት ግን ወንበሩ ስር ጠንካራ እንጨት ሸጉጥ። ሞላው ተወጥሮ ነው ያለው፤ ጣት ይቀጥፋል። የእኔ ጥፍር ምስክር ነው።

ሾክ ስትፈልግ እንደኔ እንዳትሞኝ። አንድ ጎበዝ ነኝ ባይ «የባጃጅ ሾክ ልክ ይሆናል» አለኝና ገዛሁ። ጆሮውን (ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ያለውን ጫፍ) በብየዳ አሳጥረን ገጠምነው። ወንበሩ ደረቀ! የባጃጅ ሾክ ተሽከርካሪውን ከነተሳፋሪው ሊሸከም የተሠራ ነው፣ የራሱም ሞላ አለው። የእኔ 65 ኪሎ ምን ያንቀሳቅሰዋል? በሁለተኛው ቀን የተበየደው ጆሮ ተቀነጠሰ፣ ወንበሩ ወደ ግራ ጋደለ፣ እኔ ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ላይ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ በኋላ የድሮውን ሾክ ይዤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄድኩና ከተፈታ የሹፌር ወንበር የወጣ ሾክ አገኘሁ። ሦስት ልክ ይዘህ ሂድ፦ ከጆሮ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ቀዳዳ ሲዘረጋ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሲዘጋ ስንት ነው፣ የብሎኑ ውፍረት ስንት ነው። ሲዘረጋ የሚያጥር ከሆነ ሞላውን ትቶ ራሱ ገመድ ይሆናል፣ ጆሮውንም ይገነጥላል።

ሾኩን ስትፈታ ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን ለካቸው። አንዱ ከረዘመ ደክሟል ማለት ነው። ሁለቱንም አብረህ ቀይር። የተሰበረ ሞላ ደግሞ አታስበይድ፤ እሳት ካገኘው በኋላ ሞላ መሆኑ ያበቃል። ወንበሩ ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ቦኮላዎቹ (መገጣጠሚያው የሚዞርባቸው የብረት ቀለበቶች) ተበልተዋል። ቶርኖ ቤት በብሮንዞ ያወጡልሃል። ግሪስ ቦኮላው ውስጥ እንጂ ከላይ አትለቅልቅ፣ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ከገጠምክ በኋላ የክብደት ማስተካከያውን አትርሳ። አባትህ 90 ኪሎ ከሆኑና አንተ 60 ከሆንክ፣ በእሳቸው ልክ መንዳት ያለ ሞላ መንዳት ነው። ወንበሩ ከላይ እስከ ታች የሚሄደውን ለካ። 10 ሳንቲ ሜትር ከሄደ፣ ስትቀመጥበት 5 ያህል መውረድ አለበት። ሰው ይለካልህ፣ ጎንበስ ካልክ ልኩ ይዛባል።

የአየር ወንበርም (በብረት ሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት የሚወዛወዘውን) አንስተሃል። ገንዘቡ ካለህ ከነኮምፕረሰሩ በ12 ቮልት የሚሠራውን ግዛ፣ ቀዳዳዎቹ ከማሲህ ጋር መግጠማቸውን አይተህ። ግን ከሲኖትራክ የወጣ የአየር ወንበር በርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትሮጥ። እሱ አየሩን የሚያገኘው ከመኪናው የፍሬን ታንክ ነው። ማሲህ ላይ ያ ታንክ የለም፤ ወንበሩም ዝቅ ብሎ ተኝቶ ይቀራል። የትኛውንም ብትገጥም ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ ረግጠህ ሞክር። ከፍ ያለ ወንበር ፍሬን ሲያስፈልግ ያሳፍራል።

ከሁሉ በፊት፣ ነፃ ስለሆነ፣ የኋላ ጎማህን ለካ። ጎሚስታው እንደ ጭነት መኪና ነፍቶልህ ሊሆን ይችላል። ለእርሻ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይበቃል። ተጎታች ጭነህ አስፋልት ስትወጣ ግን ትጨምራለህ። እኔ 28 ላይ አግኝቼው ነበር። ወደ 15 ሳወርደው ወንበሩን ሳልነካ ለውጡ ተሰማኝ።

ሾኩን ስትፈታ ልኮቹን ጽፈህ፣ ጆሮውንም በቅርብ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። ትርፍ አንድ ከቤት አለኝ፣ ልክ ከሆነ እልክልሃለሁ።