ኮምፕሬሰር ታንኩን አይተህ አትግዛ፤ እኔ አይቼ ገዝቼ ነበር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የድሮው እኔን ያየሁ መሰለኝ። «ቤቴ ባለችው ወርክሾፕ ኢምፓክትና ሳንደር ላሠራ ነው፤ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት፣ 50 ሊትር ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር ይበቃኛል? ሻጩ ይበቃል ብሎኛል» ነው ያልከው። እኔም እሱኑ ነበር የገዛሁት። ሻጩም እንደዚያው ነበር ያለኝ። ቡሎን ለሚፈታው ለኢምፓክቱ ይበቃሃል። ለማለስለሻው ለሳንደሩ አይበቃህም። ከቸኮልክ እዚህ ላይ ማቆም ትችላለህ።

ካልቸኮልክ ደግሞ እኔ ሞተር አቃጥዬ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ታንኩን እርሳው። ታንክ አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም። መጠየቅ ያለብህ «በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብለህ ነው፤ ያውም በ6 ባር የአየር ግፊት ላይ። ግፊቱ በሌላው መለኪያ፣ በፒኤስአይ ከተጻፈ 90 አካባቢ ማለት ነው። የአየሩ መጠን በሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) ከተጻፈ ደግሞ በ28 አባዛው፣ ሊትር ይሆንልሃል።

የእኔ ማሽን ላይ በትልቁ «206 ሊትር በደቂቃ» ተጽፏል። የሳንደሬ ወረቀት 300 ይላል። እንደሚጎድል አይቻለሁ፤ ታንኩ ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ። ለካ 206 የተባለው ፒስተኑ የሚስበው ነው። የሚያወጣው ሌላ ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ራሴው ነኝ ለክቼ የደረስኩበት። አንተ ግን ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ልትለካው ትችላለህ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ይሙላ። ከዚያ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ አየሩን ልቀቀውና መልቀቂያውን ዝጋ። ጌጁ 6 ባር ሲያልፍ የስልክህን ሰዓት አስነሳ፣ 8 ላይ ሲደርስ አቁም። 50 ሊትር ታንክ ላይ 2 ባር ሲጨመር 100 ሊትር አየር ገባ ማለት ነው። የእኔው 52 ሰከንድ ፈጀበት። ሲሰላ በደቂቃ 115 ሊትር። 206 ተብሎ የተሸጠልኝ 115 ሆኖ ተገኘ! ሻጩ ለክቼ ልግዛ ስትለው ፊቱ ከጠቆረ፣ መልስህን አገኘህ።

ሥራው ላይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። የመኪና በር ላይ ስቱኮ ቀብቼ ማለስለስ ጀመርኩ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ደስ ይላል። ከዚያ የሳንደሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ዲስኩ መሽከርከሩን ትቶ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ስቱኮው ላይም የዶሮ ጭረት የመሰለ ምልክት ይተዋል። አቁሜ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ። እንደገና ግማሽ ደቂቃ። አንድ በር ላይ ከሰዓት ሙሉ ዋልኩ። በእጄ በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገው ይሻለኝ ነበር።

2. ፈረስ ጉልበቱንም እንዳለ አትመን። «እስከዚህ» ብለው የሚጽፉት ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚያሳየውን ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት አይተህ ዋቱን በ746 አካፍል፤ ትክክለኛው ፈረስ ጉልበት ይወጣልሃል። ጥሩ ማሽን ከአንድ ፈረስ ጉልበት 100 ሊትር አካባቢ ያወጣል። የእኔው እሱንም አላወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጅልነቴ ልምጣ። ማሽኑን እንደመቀየር ምን አደረግኩ መሰለህ? 100 ሊትር ታንክ ጨምሬ ቀጠልኩበት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሥራ ጊዜዬ እውነትም ወደ ደቂቃ ተኩል አደገ። ግን ያንን ሁሉ ታንክ መልሶ ለመሙላት ያቺ ትንሽ ሞተር ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ትለፋለች፤ እኔ ደግሞ ሳትሞላ እጀምራለሁ። እረፍት የሚባል ነገር አጣች። በዚያ ላይ የሰካኋት በ20 ሜትር ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ነው፤ ያውም እንደተጠቀለለ። አንድ ቀን ጥቅሉን ብነካው ላስቲኩ ለስልሶ እንደ ማስቲካ ሆኗል። ሞተሯ ስትሞቅ የምትዘጋዋ ቀይ ቁልፍ ትዘላለች፣ እኔ መልሼ እጫናታለሁ። ትዘላለች፣ እጫናታለሁ። በአራተኛው ቀን ሸተተችና ቀጥ አለች።

ዋስትና አለኝ ብዬ ወሰድኳት። ጥገና ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ክዳኗን እንኳ አልከፈተም። ወረቀቴን ተቀብሎ አንድ ገጽ ገለጠና «ግማሹን ጊዜ ማረፍ አለበት ይላል፤ ማንበብ አትችልም?» አለኝ፣ ሰው ፊት። ሲሸጡልኝ «ቀኑን ሙሉ ብታሠራው ምንም አይለውም» ያሉኝ እዚያው ቤት ነው። እሱን ስነግረው «ማን ነው ያለህ? ስሙን ጥራ» አለኝ። ስሙን ከየት አምጥቼ! ሞተሩን በራሴ ገንዘብ አስጠቀለልኩ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ሻጩ የሚልህን ሁሉ ደረሰኙ ላይ አስጽፈው፣ አስፈርመው።

3. ገመድ አታርዝም። ማሽኑ ሶኬቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚረዝመው የአየር ጎማው ይሁን። ጎማውም ውስጡ 10 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚሰጡት ቀጭኑ ጠምዛዛ ጎማ ሳንደር ያንቃል።

አሁን ያለኝ ባለ ቺንጋ፣ ሁለት ፒስተን፣ ባለ 4 ፈረስ ጉልበት፣ ዘይት የሚጨመርበት ነው። ኤሌክትሪሺያን የራሱን መስመር ስቦለታል፤ ይህን ወጪ አስቀድመህ አስብበት። ታንኩ 100 ሊትር ነው። ስለካው ከ6 ወደ 8 ባር በ33 ሰከንድ ደረሰ፤ 360 ሊትር ገደማ በደቂቃ ማለት ነው። ሳንደሩ ሳይቆም ይሠራል፣ ሞተሩም መሀል መሀል ላይ ያርፋል። ድምፁም ከድሮዋ ጋር አይወዳደርም፤ እሷ ስትነሳ ቤት ውስጥ ማውራት አይቻልም ነበር። አሁን ጎረቤት ሁሉ በር ማለስለስ ሲፈልግ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም።

ያቺ የድሮዋስ? ተጠቅልላ ኢምፓክት ታሠራለች፣ ጎማ ትነፋለች፣ ሚስማር መምቻ ታንቀሳቅሳለች፤ እንከን የላትም። ኢምፓክት ቡሎኑን ሰከንዶች ይመታና ያርፋል። ሳንደር ግን ጣትህን እስክታነሳ ይበላል። ቀለም መርጫም እንደዚሁ ነው። አሸዋ መርጫ ካሰብክ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው፤ የእኔም ትልቁ አይችለውም።

በጀትህ ለትልቁ ካልደረሰ የምመክርህ ይኸው፦ 50 ሊትሩን ለኢምፓክቱ ግዛና ሳንደሩን የኤሌክትሪክ አድርገው። እኔ ያኔ ይህ ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም።

የረሳሁት፦ ማታ ማታ ከታንኩ ሥር ያለችውን ቫልቮላ ከፍተህ ውሃውን አውጣ። ቡናማ ውሃ ከወጣ ውስጡ መዛግ ጀምሯል። ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ክፈት፤ የዛገ ታንክ ሊፈነዳ ይችላል።

ሳንደሩን ገዝተኸዋል ወይስ ገና ነህ? ከገዛህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ። «አማካይ» የሚል ካለበት በተለይ ንገረኝ፤ አንዳንዶቹ ከደቂቃው 15 ሰከንድ ብቻ እንደሚሠራ አድርገው አስልተው ነው የሚጽፉት።