ዋታቸው እኩል የሆነ ማሞቂያዎች ዋጋቸው ለምን ይራራቃል?

ሰላም፤ ዋታቸው አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ዋጋ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ ጠይቀዋል። ልዩነቱ በዋናነት ያለው ሙቀት መቆጣጠሪያው ላይ ነው። በርካሹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲሞቅ የሚታጠፍ ቀጭን የብረት ቅጠል ነው። በበራና በጠፋ ቁጥር መገናኛው ላይ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል፤ እየቆየ ብረቱ ሊጣበቅና ማሞቂያው ሳያቋርጥ ሊሠራ ይችላል። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የለመዱ ዓሦች ያኔ በአንድ ሌሊት ሊያልቁ ይችላሉ። እኔም እንዲህ አጥቻለሁ፤ ጠዋት ገንዳውን ሳይ የተሰማኝን አልረሳውም። በውዱ ላይ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ ውኃ ሲጎድል ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ፣ አንዳንዴም በመስታወት ፈንታ ቲታኒየም ይኖራል።

ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ የሴራሚክ ዘንግ ያለው ፓምፕ ቶሎ አይበላም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን መለዋወጫው ለብቻው መሸጡን ያረጋግጡ፤ አንዲት ጎማ ስላረጀች ሙሉ ዕቃ መጣል ያሳዝናል።

ለስፖንጅ፣ ለመረብና ለአየር ቱቦ ርካሹ ይበቃል። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ገንዘቡን ማሞቂያው ላይ ያውሉት፤ ቴርሞሜትርም ለብቻው ይግዙ።