የቆመው ጨርቅ ለምን ወደ እኔ ይመጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ረጅም ስፌት ስይዝ ዓይኔን መርፌው ላይ ተክዬ ነው የምሠራው። ጨርቁ ከእኔ ወደዚያ ይሮጣል። ፔዳሉን ሳቆም ግን የቆመው ጨርቅ ቀስ እያለ ወደ እኔ ሲመለስ አያለሁ። ጓደኞቼ «ምርቃና ነው» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ ጫት አልቅምም! ዓይኔ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በባለቤቴ ሲንጀር ሞከርኩት። መጀመሪያ ነጭ አቡጀዲ አስገባሁ። ምንም የለም። ቀጥሎ ባለ አበባ ድሪያዋን ግማሽ ደቂቃ ያህል አስሮጥኩና አቆምኩ። አበቦቹ ወደ እኔ መጡ! (ጫፉን አጣምሜባት እስካሁን አኩርፋለች።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅስቃሴ የሚያዩልን ሕዋሳት አቅጣጫ ይለያሉ። አንዱ ወገን «ሄደ» ይላል፣ ሌላው «መጣ»። ሁሉም ነገር ሲቆም ሁለቱም እኩል ያንሾካሹካሉ፤ አእምሮም «ቆሟል» ብሎ ይተረጉመዋል። አንተ ስትሰፋ «ሄደ» ባዩ ብዙ ጮኾ ይደክማል። ስታቆም ከሹክሹክታውም በታች ይወርዳል። ያኔ የ«መጣ» ባዩ ድምፅ በልጦ ይሰማል። ባርሎው እና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. በጥንቸል ዓይን ውስጥ ይህንኑ ድካም ለክተዋል።

በሰው ላይ ግን ዋናው ሥራ ያለው አእምሮ ውስጥ ነው። ግራ ዓይንህን ሸፍነህ ስፋ፤ ስታቆም ቀኙን ሸፍነህ በግራው እይ። ደከም ይላል እንጂ ግራውም ያየዋል፣ ሩጫውን ሳያይ!

ልብ ብለህ ካየህ ደግሞ ጨርቁ ይመጣል እንጂ አይደርስም። መርፌው ሥር ያለችው አበባ እዚያው ናት። አእምሮ እንቅስቃሴንና ቦታን ለየብቻ ነው የሚያሰላው፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው በ1834 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ፎየርስ ፏፏቴን ትክ ብሎ አይቶ ዓይኑን ወደ ጎኑ አለት ሲያዞር፣ አለቱ ሽቅብ ሲወጣ እንዳየ ጽፏል። ይህ የዓይን ማታለል እስከ ዛሬም በፏፏቴ ስም ይጠራል።

በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ሳትሰፋ የሚመጣብህ ከሆነ፣ ወይም ራስህን ካዞረህ፣ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየህ ግን ሐኪም ጋ ሂድ። ጓደኞችህንም ማሽኑ ላይ አስቀምጣቸው፤ ብቻ አቡጀዲ እንዳትሰጣቸው።