ከመነሳት በፊት ስለሚሠራ ሒሳብ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩትም ሆናችሁ በሰፈር የምታውቁኝ፣ በአየር ኃይል ሳለሁ ለፍለጋና ለነፍስ አድን ሥራ ስለምንበርባት ኤም አይ-8 ሄሊኮፕተር እንድነግራችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ያቺ ሄሊኮፕተር ከአገልግሎት ከወጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ከእሷ ጋር የተማርኩት ግን አብሯት እንዲጠፋ አልፈልግም። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ድፍረት ስለሆነ፣ ድፍረቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ፣ ሰውን ለማዳን የሚነሳ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሊሠራው ስለሚገባ ሒሳብ እጽፍላችኋለሁ።

ኤም አይ-8 በሶቪየት ኅብረት «ሚል» በተባለው የዲዛይን ቢሮ የተፈጠረች ናት። የመጀመሪያዋ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ ሞተር በረረች፤ በዓመቱ ሁለት ሞተር ተገጠመላት። እኛ የበረርንባት እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሯት፤ አናቷ ላይ የሚሽከረከሩት አምስት ክንፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ21 ሜትር በላይ ይሰፋሉ። በመመሪያ መጽሐፏ ላይ 24 ተሳፋሪ ወይም 12 ቃሬዛ ትጭናለች፤ ከፍተኛው የመነሻ ክብደቷም 12,000 ኪሎ ነው። ሦስት ሆነን እንበርራለን፤ አዛዡ በግራ፣ ረዳት አብራሪው በቀኝ፣ እኔ የበረራ ቴክኒሽያኑ ደግሞ በሁለቱ መካከል በምትታጠፍ መቀመጫ ላይ ሆኜ የሞተሮቹን ሙቀትና ዙር እከታተላለሁ። በሩን የምከፍተው፣ ቃሬዛ የማስገባው፣ ሰውን በገመድ የሚያነሳውን ዊንች የማንቀሳቅሰው፣ ስንት ሰው መጫን እንደሚቻልም አስልቼ ለአዛዡ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

መጽሐፏ ላይ ያለው ቁጥር ግን የወሎን ደጋ አያውቅም። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛን የሚጠሩን ግን ከዚያም በላይ ከሆኑት፣ ወደ 3,000 ሜትር ከሚጠጉት ከደላንታና ከጉጉፍቱ አካባቢ ነበር። በዚያ ከፍታ ቀኑ ሞቅ ሲል የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሆናል። ክንፉ የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚያነሳው ሸክም ይቀንሳል፤ ሞተሩም የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይደክማል። እንግዲህ ችግሩ በሁለት በኩል ይመጣል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲጨመር፣ ጠዋት በቀላሉ የተነሳችበት ሜዳ ከሰዓት በኋላ አልለቅም ይላታል።

አንድ ጊዜ ከደላንታ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ገበያተኛ የጫነ የጭነት መኪና ተገልብጦ ተጠራን። ከገደሉ አፋፍ በምትገኝ ጠባብ ሜዳ ላይ ስናርፍ ስምንት ከባድ ቁስለኞች በጋቢ ተጠቅልለው ይጠብቁን ነበር። ክንፉ መሽከርከሩን ሳያቆም አዛዡ በኢንተርኮም «ስንት?» ሲል ጠየቀኝ። ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ የቀረንን ነዳጅ ደምሬ «አምስት፣ ጌታዬ» አልኩት። በሩን ስከፍት አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንዱንም አትተው» አሉኝ። «አባባ፣ ስምንቱን ከጫንን አንዳቸውም አይደርሱም፤ ተመልሰን እንመጣለን» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ የማዳን ሥራ የሚባለው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነውና። የመሣሪያ ሳጥኑን፣ የዘይት ጣሳዎቹን፣ ወንበሮቹንና መሰላሉን አውርጄ ለሽማግሌው አደራ ሰጠኋቸው፤ በዚህም ለአንድ ተጨማሪ ቁስለኛ ቦታ አገኘን። የትኞቹ ስድስት ቀድመው እንደሚሄዱ እኛ አልመረጥንም፤ ከአካባቢው የደረሰው የጤና ባለሙያ መረጠ፤ ደም የሚፈሰውንና መታገስ የሚችለውን የሚለይ እሱ ነበርና። አዛዡ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ከመሬት አንስቶ አቆማት። ይህ ሙከራ ፈጽሞ የማይዘለል ነው፤ ዋናው ሮተር፣ ማለትም አናቷ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ በደቂቃ 192 ዙር ገደማ መዞር ሲገባው፣ ሸክሙ ከበዛ ዙሩ ይወርዳል፤ የመለኪያው መርፌ ሳይነግራችሁ ጆሯችሁ ይሰማዋል፤ ድምፁ እየወፈረና እየዘገየ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዙሩ ጸና። አፍንጫዋን ወደ ሸለቆው ዘንበል አድርጎ ፍጥነት እስክትይዝ ወረድንና ወደ ኮምቦልቻ አመራን፤ ከዚያም አምቡላንስ ቁስለኞቹን ወደ ደሴ ሆስፒታል ወሰዳቸው። የቀሩትን ሁለቱን ደመናው የጦሳን ተራራ ከመሸፈኑ በፊት ተመልሰን አመጣናቸው፤ ሽማግሌው ከመሣሪያ ሳጥኑ አንዲት መፍቻ እንኳ ሳትጎድል አስረከቡኝ።

ለዚያ ሁለተኛ ጉዞ የቀዳነው ነዳጅም በልክ ነበር። ኤም አይ-8 በሰዓት ከ600 ሊትር በላይ ታቃጥላለች፤ ዋና ጋኖቿ ደግሞ 1,870 ሊትር ይይዛሉ። ጋን ሞልቶ መብረር ልብን ያሳርፋል፤ ሆኖም 200 ሊትር ነዳጅ 160 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ሳያስፈልግ የተቀዳው ነዳጅ የሁለት ቁስለኞችን ቦታ ይወስዳል። ሲበዛ ሰው ያስቀራል፣ ሲያንስ ሁሉንም ያስቀራል። ስለዚህ ለመንገዱ የሚበቃውን፣ ለመመለሻውና ደመና ቢዘጋብን ዞረን ለምናርፍበት የሚሆነውን መጠባበቂያ ለይተን እንቀዳ ነበር፤ ይህም የሚሰላው እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ መሬት ላይ ነው።

እኛ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም እንዲል ተደርገን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህም ጨዋነት ነውና አልነቅፈውም። በሄሊኮፕተር ውስጥ ግን መርፌውን የሚያየው ታናሹ ሊሆን ይችላል። አዛዣችን በማዕረግም በዕድሜም ይበልጡኝ ነበር፤ ሆኖም ከመነሳታችን በፊት ሁልጊዜ እኔንም ረዳት አብራሪውንም «የምትሉት አለ?» ብለው ሳይጠይቁ ሞተር አያስነሱም ነበር። አምስት ስላቸው ለምን ስድስት አልሆነም ብለው አልተቆጡኝም፤ ምን ብናወርድ ስድስት እንደሚሆን ጠየቁኝ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ በእኔ ግምት ከማንኛውም የበረራ ችሎታ ይበልጣል። ነገ በፋብሪካም በሆስፒታልም አለቃ የምትሆኑ ልጆች ስላላችሁ፣ የበታቾቻችሁ እውነተኛውን ቁጥር ሳይፈሩ እንዲነግሯችሁ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው።

በ1977ቱ ድርቅ የሆነውንም ወላጆቻችሁ ያስታውሳሉ። መንገድ ወደማይደርስባቸው ደጋዎች የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህል ከዝቅተኛ ከፍታ ይጥሉ ነበር፤ የፖላንድ ኤም አይ-8 ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀድመው እያረፉ የመጣያውን ሜዳ ያዘጋጁ ነበር። የተራበ ሰው እህል ሲወርድ ሲያይ ወደ እህሉ ይሮጣል፤ በዚያ ፍጥነት የሚወድቅ ጆንያ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሜዳው ከሰው ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ መሬት ላይ ካልቆመ፣ ከሰማይ የሚመጣው እርዳታ ራሱ አደጋ ይሆን ነበር። ሄርኩለሶቹን ዓለም በቴሌቪዥን አይቷቸዋል፤ ቀድመው ያረፉትን ግን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው፤ እኔ በበኩሌ የማከብራቸው እነሱን ነው።

ከእናንተ መካከል ሙያውን የምትፈልጉ ፊዚክስንና ሒሳብን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ስለ ሞተር ማወቅ የሚገባችሁንም መርፌና ዘይት እየነካችሁ ተማሩ። ወደ ሙያው የማትገቡትም ብትሆኑ አንድ ቀን መሬት ላይ ሆናችሁ ሄሊኮፕተር የምትጠብቁ ልትሆኑ ትችላላችሁና ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ። ከመድረሷ በፊት ከእንጨትና ከሽቦ የጸዳ ሰፊ ሜዳ ምረጡ፤ ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ ላስቲክ፣ ቆርቆሮ የመሳሰለውን አርቁ፤ ነፋሱ ክንፎቹ ድረስ ያነሳዋልና። በሜዳው ዳር እርጥብ ቅጠል የተደረበበት እሳት ብታነዱ አብራሪው ጢሱን አይቶ የነፋሱን አቅጣጫ ይለያል፤ ካረፈች በኋላ ግን አጥፉት። ማረፍ ካልቻለችና ቴክኒሽያኑ ከበሩ ላይ የዊንቹን ገመድ ካወረደ፣ መንጠቆው መሬት እስኪነካ ድረስ ማንም እንዳይጨብጠው፤ ሄሊኮፕተሯ በአየር ውስጥ የምትሰበስበው ኤሌክትሪክ በገመዱ በኩል ሰውን መትቶ ይጥላል፤ በበጋ አቧራ ላይ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ዊንች 150 ኪሎ ብቻ ያነሳ ስለነበር ሰውና ዕቃ አንድ ላይ አይታሰሩም ነበር። ካረፈች ደግሞ ከፊት ለፊት፣ አብራሪው እያያችሁና ምልክት ሲሰጣችሁ ብቻ ቅረቡ፤ ወደ ጅራቷ በፍጹም አትሂዱ። መሬቱ ዳገት ከሆነ፣ በዳገቱ በኩል ክንፎቹ ለመሬት ስለሚቀርቡ፣ ሁልጊዜ ከታች በኩል ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ። ይህን በደጋ ቀበሌዎች ላሉ ዘመዶቻችሁ በበዓል ስትሄዱ አስረዷቸው፤ በተለይ ከብት የሚጠብቁ ልጆችን ሰብስባችሁ የጅራቱንና የዳገቱን ነገር መሬት ላይ እየሳላችሁ አሳዩአቸው፤ ቀድመው ሮጠው የሚደርሱት እነሱ ናቸውና።